የልጆች ፊዚዮቴራፒ ከዕድገት ጋር የሚሠራ ሥራ ነው

ልጃቸውን ይዘው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚመጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቁት ማሽን ወይም ጠንከር ያለ እሽት ነው። እኔ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ከልጁ ጋር ኳስ ሳንከባልል ሲያዩ ግን አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ይነበባል፤ ለጨዋታማ ቤት ይበቃ ነበር የሚል ዓይነት ቅሬታ። አልፈርድባቸውም። ሕክምና ሲባል አንድ ሰው በሌላው አካል ላይ የሚያደርገው ነገር ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በልጆች ላይ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒ ግን ከዚህ ይለያል፤ የሚለየውም ልጅ ስለሚያለቅስ ወይም ስለማይታዘዝ ብቻ ሳይሆን፣ አጥንቱ፣ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ገና ቅርጻቸውን እየያዙ ስለሆነ ነው። የአዋቂ ታካሚ ጉልበት ያለቀለት ጉልበት ነው፤ የሕፃን ጉልበት ግን ነገ ሌላ ጉልበት ይሆናል፤ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነውም በከፊል ዛሬ የሚያርፍበት ጫና ነው።

ይህን ትንሽ ላብራራው። በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚረዝምበት የልም አጥንት ንጣፍ አለ። በዚህ ንጣፍ አንድ ወገን ላይ ጫና ከመጠን በላይ ሲበረታ በዚያ ወገን ዕድገቱ ይዘገያል፤ ጫናው ሲቀልለት ደግሞ ይፈጥናል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሁተርና በፎልክማን ስም የሚታወቀው ሕግ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ጡንቻም እንዲሁ ነው፤ ሳይዘረጋ የቆየ ጡንቻ እያጠረ ይሄዳል፣ በየቀኑ በተገቢው መጠን የሚዘረጋ ጡንቻ ደግሞ ከአጥንቱ ጋር አብሮ ይረዝማል። ስለዚህ ዕድገት የተዛባን ነገር ለማቅናት ትልቁ አጋዣችን ነው፤ ቸል ካልነው ደግሞ ትንሹን መዛባት ትልቅ የሚያደርገው እሱው ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ከማሽን ይልቅ ጊዜ፣ ከባለሙያው እጅ ይልቅም የወላጅ እጅ የሚበልጥበት ምክንያት ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ እኔ ልጁን በሳምንት ለጥቂት ደቂቃ ባየው ነው፣ ዕድገቱ ግን ቀንም ሌትም አያቋርጥም።

ይህ በግልጽ ከሚታይባቸው ችግሮች አንዱ ቆልማማ እግር ነው። ከ1000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይከሰታል፤ እግሩ ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጠምዝዞ ይወለዳል። ለረጅም ጊዜ ዋናው ሕክምና ሰፊ ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ብዙዎቹ እግሮች ቀጥ ቢሉም ካደጉ በኋላ የሚደርቁና የሚያምሙ ይሆኑ ነበር። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ስፔን የተወለዱት ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዳበሩት ዘዴ ግን የሕፃኑን ጅማቶች የመለጠጥ ባሕርይ ይጠቀማል። እግሩ በእጅ በቀስታ ይቃናል፣ ከጣት እስከ ጭን በጄሶ ይያዛል፣ ከሳምንት በኋላ ጄሶው ተፈትቶ እግሩ ጥቂት ይበልጥ ይቃናና እንደገና ይታሸጋል። ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጄሶ ይበቃል። ከዚያም በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቆረጣል፤ የመጨረሻው ጄሶ ለሦስት ሳምንት ያህል በሚቆይበት ጊዜ ውስጥም ጅማቱ ረዘም ብሎ መልሶ ይገጥማል።

ወላጆች ሁሉም ነገር አለቀ ብለው የሚደሰቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ስጋት የሚይዘኝ እዚህ ላይ ነው። እግሩ ቀና እንጂ ወደ ነበረበት የመመለስ ዝንባሌው አልጠፋም። ስለዚህ ሁለት ጫማዎች በዘንግ የተያያዙበት ብሬስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሌሊትና በቀን እንቅልፍ ሰዓት ይቀጥላል። እግሩ ተመልሶ ከሚቆለመምባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የብሬሱ መቋረጥ ነው። የሚቋረጠው ደግሞ በወላጅ ግድየለሽነት አይደለም፤ ሌሊት ሲያለቅስ ሆድ ስለሚያባባ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጊዜ የማሳየው እንቅስቃሴ ሳይሆን ጫማ ማድረግ ነው። ጉልበቱ እጥፍ ይበል፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው እግር መጀመሪያ ይግባ፤ ተረከዙ እስከ ጫማው ወለል ይውረድ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚያልፈው መካከለኛው ማሰሪያ ከሌሎቹ ቀድሞ ጠበቅ ይበል። ብዙዎቹ ጫማዎች ከኋላቸው ቀዳዳ አላቸው፤ በቀዳዳው በኩል ተረከዙ የሚታይ ከሆነ ልክ ገብቷል ማለት ነው። ብሬሱ ሲወልቅ ትንሽ ቀላ ያለ ምልክት ቢታይ ችግር የለውም፤ ውኃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ቆዳ ከታየ ግን እግሩ ጫማው ውስጥ እየተንሸራተተ ነውና ባለሙያ ማየት አለበት። በቀላው ቦታ ላይ ቅባት መቀባት ቆዳውን ስለሚያለሰልሰው ነገሩን ያባብሳል። ሕፃኑ ዘንጉን ይጠላዋል የሚሉ ወላጆችን ደግሞ ዘንጉን ይዘው ሁለቱን ጉልበቶች አንድ ላይ እጥፍ ዘርጋ እያደረጉ እንዲያጫውቱት አደርጋለሁ፤ እግሮቹን ለየብቻ ማወራጨት የለመደ ሕፃን ሁለቱን በአንድነት መምታት ሲማር ልቅሶው በአብዛኛው ይቀንሳል።

ከቆልማማ እግር ቀጥሎ ጊዜ ዋጋ ያለው የሚሆነው የአንገት ጡንቻ በአንድ ወገን አጥሮ ሲገኝ ነው። ከጆሮ ኋላ ተነስቶ ወደ ደረት አናት የሚወርደው ጡንቻ ሲያጥር የሕፃኑ ራስ ወደዚያ ወገን ያዘነብላል፣ ፊቱ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። በአንዳንዶቹ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻው ላይ ጠንከር ያለ እብጠት በጣት ይዳሰሳል፤ ወላጅን ያስደነግጣል፣ ሆኖም በወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ማፍታታቱ ሕፃኑ ሦስት ወር ሳይሞላው ከተጀመረ ውጤቱ ያማረ፣ ጊዜውም ያጠረ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ጡንቻው ይጠነክራል፣ ሕፃኑም አንገቱን በራሱ ጉልበት መያዝ ስለሚጀምር ይታገላል። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሚተኛም የራስ ቅሉ በዚያ በኩል ጠፍጠፍ ይላል።

ለእናቲቱ የማሳያት አያያዝ እንዲህ ነው። ሕፃኑን ጀርባውን ወደ ደረቷ አድርጋ በጎኑ ትይዘዋለች፣ ያጠረው ጡንቻ ያለበት ወገን ወደ ታች ይሆናል፤ አንድ ክንዷ በሕፃኑ ጆሮና ትከሻ መካከል ገብቶ ራሱን ቀስ እያለ ከታችኛው ትከሻ ያርቀዋል፣ ሌላው ክንዷ ደግሞ በጭኖቹ መካከል አልፎ ሰውነቱን ይደግፋል። በዚህ አያያዝ በመስኮት በኩል ውጭውን እያሳየች ብትቆም ጡንቻው እየተዘረጋ ነው፤ ሕፃኑ ሕክምና ላይ መሆኑን አያውቅም። ከዚህ በተጨማሪ ድምፅ የሚያወጣው መጫወቻ፣ መብራቱ፣ የምታናግረው ሰው ፊት ሁሉ ሕፃኑ መዞር በማይወደው ወገን በኩል ይሁን። በሚነቃበት ጊዜ ሁሉ ለአጭር ለአጭር ጊዜ በሆዱ ይተኛ፤ ለእንቅልፍ ግን ምንጊዜም በጀርባው ነው። ሕፃኑ ትንፋሹን ከያዘ ወይም ከተቃወመ ወዲያውኑ መልቀቅ ይገባል፤ በግድ የተጎተተ ጡንቻ መልሶ ይኮማተራል። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለ አንገት ያለበትን ሕፃን ዳሌውንም ሳያስመረምሩ መተው ትክክል አይደለም፤ ሁለቱ ችግሮች አብረው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ስለ ዳሌ ካነሣሁ፣ እዚህ ላይ የፊዚዮቴራፒስት ትልቁ ሥራ እጁን መሰብሰብ ነው። ገና በደንብ ያልተገጣጠመ የሕፃን ዳሌ የሚፈልገው ጭኖቹ እጥፍና ዘርዘር ብለው መቆየታቸውን ነው፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው የቼኩ ሐኪም አርኖልድ ፓቭሊክ ማሰሪያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እግሮችን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ግን የጭኑን አጥንት ከዳሌው ጎድጓዳ እንዲወጣ ይገፋፋዋል። መጠቅለል ካስፈለገም ከወገብ በታች ልቅ ይሁን።

ልጁ መራመድ ከጀመረ በኋላ የሚመጣብኝ ጥያቄ ግን በብዛት ሕክምና የማያስፈልገው ጥያቄ ነው። የልጅ እግር እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ወደ ውጭ የጎበጠ መምሰሉ፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ደግሞ ጉልበቶቹ ተጋጭተው ቁርጭምጭሚቶቹ መራራቃቸው፣ እስከ ሰባት ዓመት ገደማም ቀስ በቀስ መስተካከሉ የተለመደ የዕድገት መንገድ ነው። የሚያሳስበኝ አንዱ እግር ብቻ ሲጎብጥ፣ ከእነዚህ ዕድሜዎች ውጭ መጉበጡ ሲባባስ ወይም ልጁ ቁመቱ አልጨምር ሲል ነው፤ ያን ጊዜ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ መኖሩ ይመረመራል፣ እሱን ደግሞ የትኛውም እንቅስቃሴ አያድነውም። ጠፍጣፋ እግርም እንዲሁ ነው። ልጁ በጣቶቹ ሲቆም የውስጥ እግሩ ቅስት ብቅ የሚል ከሆነና የማያመው ከሆነ እግሩ ጤነኛ ነው። ለእንዲህ ዓይነት እግር ውድ የጫማ ንጣፍ አሠርተው የመጡ ወላጆችን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ንጣፉ ቅስት አይፈጥርም፤ ልጁን ግን እግሬ በሽተኛ ነው ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ክርናቸው አካባቢ ተሰብረው ከጄሶ የወጡ ልጆችም ከዚሁ ጋር የሚነሡ ናቸው። ክርኑ ለሳምንታት ደርቆ ይቆያል፤ ወላጅ ይጨነቅና በግድ ይዘርጋልኝ ይላል። በግድ መዘርጋት ግን መገጣጠሚያውን አቁስሎ ድርቀቱን ያጠነክረዋል። ልጁ ራሱ እየተጫወተ እጁን ሲጠቀምበት አብዛኛው እንቅስቃሴ ይመለሳል፤ እኔ የምሰጠው ምክር ውኃ ውስጥ መጫወት፣ ኳስ መወርወር፣ ከፍ ካለ ቦታ ዕቃ ማውረድ ነው። ክፍያ ተቀብሎ «ተዉት» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ትክክለኛው ሕክምና እሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በተቃራኒው መታለፍ የሌለበት ምልክት አለ፤ ሕመም። ሌሊት ሁለቱንም እግሩን ያመው፣ ሲታሽለት ቀለል ብሎት የተኛ፣ ጠዋት ግን እንደ ልቡ የሚሮጥ ልጅ የዕድገት ሕመም የሚባለው ነው የያዘው፤ አያሰጋም። ነገር ግን ሕመሙ በአንድ ቦታ ከተወሰነ፣ ልጁ ካነከሰ፣ ከተኮሰው፣ መገጣጠሚያው ካበጠ ወይም ከሳ ካለ ወደ እኔ ሳይሆን በቅድሚያ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ጉልበቴን አመመኝ እያለ የሚያነክስ ልጅ ዳሌው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም የዳሌ ሕመም ወደ ጉልበት ይሰማል። ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ልጅ የጭኑ አጥንት ራስ ደም የማጣት በሽታ፣ በጉርምስና መግቢያ ላይ ባለ፣ በተለይም ክብደት በሚበዛበት ልጅ ደግሞ የአጥንቱ ራስ ከቦታው የመንሸራተት ችግር ሊሆን ይችላል። የኋለኛው ከተጠረጠረ ልጁ በእግሩ መርገጥ የለበትም፤ እንቅስቃሴ ልስጠው የሚል ፊዚዮቴራፒስት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ጠዋት ጠዋት እንደ ሽማግሌ ተገትሮ የሚነሣና ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የሚፍታታ ልጅ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊኖርበት ይችላል። ከ16 ዓመት በፊት የጀመረና ቢያንስ ስድስት ሳምንት የቆየ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ብግነት በሕፃናት ላይ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ድሮ እንዲህ ያሉ ልጆች ይረፉ ይባል ነበር፤ አሁን ግን በመድኃኒት እየታገዙ መንቀሳቀሳቸው ጡንቻቸውን እንደሚጠብቅ፣ መገጣጠሚያውንም እንደማይጎዳ ታውቋል። ብስክሌትና ዋና ይስማማቸዋል። ጠዋት ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብተው ጣትና ጉልበታቸውን ማንቀሳቀሳቸው ለትምህርት ሰዓት ያደርሳቸዋል። ሌሊት ትራስ ከጉልበቱ ሥር ማድረግ ግን ቢመችም አይፈቀድም፤ ጉልበቱ እጥፍ እንዳለ ሊደርቅ ይችላልና። ዐይናቸውም በየጊዜው ይመርመር፤ በዚህ በሽታ ዐይን ውስጥ የሚነሣው ብግነት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ መቅላትም አያሳይም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀኝ የጡንቻ መመንመን ነው። ዱሼን የሚባለው ዓይነት በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዝ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። ልጁ ከመሬት ሲነሣ መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆናል፣ ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያሳረፈ በገዛ አካሉ ላይ እየተንጠላጠለ ቀና ይላል። ባቱ ሞላ ያለ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል። ይህን አነሣሥ አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ አይቶም ወደ ሐኪም ሳይልክ ጡንቻ ማጠንከሪያ መስጠት አይችልም። ምክንያቱም የዚህ ልጅ ጡንቻ ሲሠራ ከጉዳት የሚጠብቀው ፕሮቲን የለውም፤ ክብደት ማንሳት፣ ደጋግሞ መዝለል፣ ደረጃ እየደጋገሙ መውረድ ይጎዳዋል። ለእሱ የሚሆነው ሳይደክም የሚያደርገው እንቅስቃሴ፣ በተለይም ዋና፣ እንዲሁም የባቱን ጡንቻ በየቀኑ መዘርጋትና ሌሊት የእግር መደገፊያ ማድረግ ነው። ግባችን በሽታውን ማዳን አይደለም፤ ልጁ የሚራመድበትን፣ በኋላም ተመችቶት የሚቀመጥበትን ጊዜ ማራዘም ነው።

ጉርምስና ሲገባ ደግሞ የጀርባ አጥንት መጣመም፣ ስኮሊዮሲስ፣ ይመጣል። የሚጠረጠረው ልጅቷ እግሮቿን ገጥማ ወደፊት ጎንበስ ስትል ከኋላ ሲታይ አንዱ የጎድን ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከተገኘ ነው። በራጅ ሲለካ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል፤ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ከሆነ ብሬስ፣ ማለትም ከልብስ ሥር ደረትና ወገብን የሚይዝ መደገፊያ፣ ይታዘዛል። በከባድ ቦርሳ ወይም ተጣሞ በመቀመጥ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ ልጅቷን «ቀጥ በይ» እያሉ መጮህ ጥፋተኛ እንደሆነች እንዲሰማት ከማድረግ በቀር የሚፈይደው የለም። በ2013 የታተመው በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ ጥናት ብሬስ መጣመሙ ለቀዶ ሕክምና እንዳይደርስ በእርግጥ እንደሚያግዝ አሳይቷል፤ በቀን በአማካይ 13 ሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ ባደረጉት ላይ ስኬቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር። እንግዲህ ጀርባን የማረሚያና በተጣመመው ወገን የመተንፈሻ ልዩ ልምምዶችን የምሰጠው ከብሬሱ ጋር እንጂ በብሬሱ ፋንታ አይደለም። ከልጅቷ ጋር የምነጋገረውም ስለ ዲግሪ ሳይሆን ብሬሱ ከየትኛው ልብስ ሥር እንደማይታይ፣ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ማን እንደሚያወልቅላት ነው።

አሁን ወደ ኳሱ ልመለስ፤ ጨዋታው ያለ ምክንያት አይደለምና። የዳሌዋ ጎን ጡንቻ የደከመባትን የሦስት ዓመት ልጅ «እግርሽን ወደ ጎን አንሺ» ብላት ትስቅብኛለች፤ መጫወቻዋን በሶፋው ዳር ዳር ባስቀምጠው ግን ሶፋውን ይዛ በጎኗ እየተራመደች ትሄዳለች፣ የምፈልገው ጡንቻም ይሠራል። ቁጭ ብድግ የሚያስፈልገው ልጅ ዕቃውን ከወለል እያነሣ ጠረጴዛ ላይ ይደርድር። የባቱ ጡንቻ ያጠረበት ልጅ ዳገት ይውጣ፣ ተዳፋት በሆነ መቆሚያ ላይ ቆሞ፣ ጣቶቹ ከተረከዙ ከፍ ብለው፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ሥዕል ይሣል። ቤት የሚሰጠው ልምምድ ለብቻው ሰዓት የሚፈልግ ከሆነ ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ ዳይፐር ሲቀየር፣ ገላ ሲታጠብ፣ ካልሲ ሲጠለቅ የሚደረግ ከሆነ ግን ይዘልቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃችሁን ወደ ፊዚዮቴራፒ ለምትወስዱ፣ አጭር ቁምጣ አልብሱት፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ሲራመድ መታየት አለባቸው። አዲስ ጫማ ሳይሆን ያረጀውን ይዛችሁ ኑ፣ ሶሉ በየትኛው ወገን እንደተበላ ብዙ ይነግረናል። ያሉትን ራጆችና የሐኪም ማስታወሻዎች አትርሱ። ቤት ውስጥ ሳያውቅ ሲራመድ፣ ከመሬት ሲነሣና ደረጃ ሲወጣ በስልክ ቅረጹት፤ የማያውቀው ክፍል ውስጥ የገባ ልጅ ወይ አይራመድም፣ ወይ ደግሞ ለእኛ ብሎ እያሳመረ ይራመዳል።